ግልጽ ደብዳቤ፦ የፋይል ካቢኔቱን ተረከባችሁ፣ ልጆቹንስ?

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክፍለ ከተማችን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው ቤት ለቤት ይጎበኙ የነበሩና አሁን ተረካቢ ያጡ ልጆችን ጉዳይ አንስቼ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። አንዱን የካቲት 2017 አስገባሁ፣ ሌላውን ግንቦት ላይ። ሁለቱም ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሄጄ ስጠይቅ «ተመርቷል» ይሉኛል። ለማን እንደተመራ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ ለዘጠኝ ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ ተጋላጭ ሕፃናትንና ቤተሰቦቻቸውን ስጎበኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ነርስ አይደለሁም። የሰፈሩ ሰው ግን ሲስተር ይለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በአሜሪካ ገንዘብ ይሠራ ከነበረው ፕሮጀክታችን ሥልጠና ወስጄ፣ የቀረውን ከልጆቹና ከእናቶቻቸው ነው የተማርኩት። እናት አባታቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ይዘው የተወለዱ አሉ። እናታቸው አረብ አገር ሄዳ አያት ጋ የቀሩ አሉ። መጀመሪያ ሥራችን መድኃኒት መዋጣቸውን ማየት፣ ደብተርና ዩኒፎርም ማድረስ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን በየቤቱ የሚጠብቀን ሌላ ነገር ሆነ። የማይተኛ ልጅ፣ የማይናገር ልጅ፣ ከአልጋ የማትነሳ እናት። ስሙ የአእምሮ ጤና እንደሆነ የነገሩን በኋላ ነው፤ እኛ ግን በየቀኑ እያየነው ነበር።

ጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የእኛም ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት ተዘጋ። ያን ሰሞን በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ በዜና ተነግሯል። እኛ በአበል የምንሠራው የሰፈር ጎብኚዎች የሚቋረጥ ውል እንኳ አልነበረንም። «ከነገ ጀምሮ እንዳትወጡ» ተባልን፣ ቀረን።

የዋሽንግተን ውሳኔ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ይህን አውቃለሁ። የኔ ቅሬታ ከዚያ በኋላ እዚህ፣ እኛው ሰፈር ስለሆነው ነው።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የንብረት ርክክብ ተደረገ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሦስት ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ ወንበር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ባለ አራት መሳቢያ የብረት ካቢኔት። ለእያንዳንዱ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆረጠ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። ካቢኔቱ ውስጥ የልጆቹ ፋይል ነበር። እሱንስ ማን ይረከባል ብዬ ስጠይቅ «አቅጣጫ ይቀመጥበታል» ተባልኩ። ባለፈው ነሐሴ መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ስሄድ ካቢኔቱን አየሁት። ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከደረጃው ሥር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር ተጭኖበት ቆሟል። ሁለተኛው መሳቢያ ገርበብ ብሏል። ድሮም ቁልፉ አስቸጋሪ ነበር። በክፍተቱ የሰማያዊ ፋይል ጠርዝ ይታያል። ሰማያዊ ክላሰር የምንጠቀመው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱት ልጆች ነበር።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። በእጄ የያዝኩትን የመታወቂያ ፎርም ረሳሁት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይኸው ነው። ለወንበሩ ፈራሚ ተገኘ። እኔ ብቻ ስጎበኛቸው ለነበሩት 31 ልጆች ግን ፈራሚ ጠፋ። ከሌሎቹ ጎብኚዎች ጋር ሲደመር ስንት እንደሚሆን ካቢኔቱን የከፈተ ሰው ይቆጥረዋል።

የአንዱን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ቤይሩት ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። ቤታቸው ስደርስ ገና አጥሩ ጋ ሆኜ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አውቅ ነበር። ፍራሹ ቆርቆሮው ላይ ተሰጥቶ ከሆነ ሌሊት ሽንቱ አምልጦታል ማለት ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይሰጣ ነበር። አያቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም በዚያው መንገድ ስላደጉ በሳማ ይገርፉታል። አንድ ጊዜ በበርበሬ አጥነውታል። ትምህርት ቤት ደግሞ «ሰነፍ ነው፣ አፉን አይከፍትም» ይላሉ።

ይህን ልጅ ጤና ጣቢያ ብትወስዱት ምን ይላል? ምንም አይልም። አሥር ደቂቃ ወንበር ላይ አቀርቅሮ ይቀመጥና ይመለሳል። እኔ ግን እቤቱ ነው የምሄደው። እማማ ቡና ይቆላሉ፣ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ኑሮው እናወራለን፣ ልጁ አልጋ ሥር ገብቶ ይሰማናል። አምስት ጊዜ ስሄድ አምስቱንም ከአልጋው ሥር አልወጣም። ና ውጣ አላልኩትም። በስድስተኛው ቀን አንድ ቆርኪ ተንከባሎ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ። መልሼ አንከባለልኩለት። እንደገና መጣ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም፣ ቆርኪ ሳንከባልል ዋልኩ። በፎርሙ ላይ «ከልጁ ጋር ግንኙነት ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ፤ ለቆርኪ የሚሆን ቦታ ፎርሙ የለውም።

ከዚያ በኋላ ከእማማ ጋር ሥራችንን ጀመርን። ልጁ በስንፍና እንደማያደርገው፣ ፍርሃትና ሐዘን በሰውነት እንደሚወጣ፣ ሳማው ነገሩን እንደሚያባብሰው ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው። በአንድ ቀን አልተቀበሉኝም፤ «እኛስ እንዲህ አይደል ያደግነው» አሉኝ። ከብዙ ቡና በኋላ ግን ሳማው ቀረ። ሌሊት አንድ ጊዜ እየቀሰቀሱ ያስወጡት ጀመር። ደረቅ ያደረበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የእድር ካላንደር ላይ ልጁ ራሱ ክብ ያደርግበታል። በአራተኛው ወር ፍራሹን ቆርቆሮ ላይ የማየው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። መናገርም ጀመረ። ሌሊት ስልክ ሲጠራ ሰምቶ እንደሚነቃና ስልክ እንዳልነበረ ነገረኝ።

ከዚያ ጥር መጣ።

ባለፈው ወር ታክሲ ተራ አገኘሁት። ትምህርት አቋርጧል። ሰው ይጠራል፣ ሳንቲም ያገኛል። ሲያየኝ ሮጦ መጣና «ሲስተር፣ ለምን ቀረሽ?» አለኝ። ከእናቱ ቀጥሎ የቀረሁበት ሰው እኔ ነኝ። ምን ልበለው? አቅጣጫ እየተጠበቀ ነው ልበለው?

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ በቃል በጠየቅኋችሁ ቁጥር የምትሰጡኝ መልስ ነው። «ችግር ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ይምጣ፣ አገልግሎቱ አለ።» አገልግሎቱ መኖሩን አልክድም። ግን ማን ነው የሚመጣው?

ሦስት ልጆች ያሏት እናት አለች። የመጨረሻውን ከወለደች በኋላ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ባሏ ጥሏት ሄዷል። የጤና መድህን ካርድ አላት፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል ነው መንገዱ። ለቀጠሮ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለባት። ሁለት ታክሲ። ሕፃኑን አዝላ። ሁለቱን ለማን ትታ? ካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ ሐኪሙን አግኝታ ስትጨርስ መድኃኒቱ «የለም፣ ከውጭ ግዢ» ይሆናል። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ቀኑን ሙሉ ስለዋልኩ አውቀዋለሁ። እኔ መሄድ ሳቆም እሷም ቀረች። ካርዷ ላይ «ቀጠሮ አቋርጣለች» ተብሎ ተጽፏል። እሷ ግን መነሳት ነው ያቃታት፣ ደግሞም መነሳት አለመቻሉ ራሱ ሕመሙ ነው። ሕመሙን አሸንፎ ለመጣ ብቻ የሚሰጥ ሕክምና እንዲህ ያለውን ሰው አይደርስበትም።

አሁን የትልቋን ልጅ ነገር ስሙኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ገንፎ የምታገነፋው እሷ ናት፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት፣ የእናቷን ክኒን የምትቆጥረው እሷ ናት። የተዋጠውን በከሰል ግድግዳው ላይ እየጫረች ትይዛለች። ማታ የምትተኛው በሩ ሥር ነው። ለምን እዚያ እንደምትተኛ ስጠይቃት «እማዬ ሌሊት ከወጣች እንድነቃ» አለችኝ። ይህች ልጅ የየትኛውም ጤና ጣቢያ ታካሚ አይደለችም። ካርድ የላትም፣ ፋይል የላትም፣ በሽታዋ ምንድን ነው ብትባሉ መልስ የላችሁም። የእናትየው ካርድ የእናትየውን ስም ብቻ ነው የሚጽፈው። ልጅቷን የሚያያት እቤት የገባ ሰው ነው። ለዚህ ነው ይህ ሥራ ቤት ለቤት መሆን ያለበት የምለው፣ ለምቾት ብዬ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ በሕዝቡ አፍ ስሙ ራሱ የበሽታው ስም ሆኗል። «አማኑኤል ውሰዷት» ማለት እኛ ሰፈር ስድብ ነው። ልጇን ይዛ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ የምትቀመጥ እናት ጎረቤት እንዳያያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ብዙዎቹ ጠበል ነው የሚሄዱት። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ጠበልም ሄዶ፣ እቤቱም የሚጠይቀው ሰው ቢኖረው ልጁ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ስለተቆለፈባቸው ልጆች። ሦስት ቤት አውቃለሁ። አንደኛው የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። እናቱ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ስትወጣ ቆልፋበት ትሄዳለች፣ ምክንያቱም አንድ ቀን አምልጦ አስፋልት ላይ ተገኝቷል። ይህችን እናት ጨካኝ የሚላት ሰው አንድ ቀን እንኳ አብሯት ይዋል። በሥዕል አድርጌ፣ ካርቶን ቆርጬ፣ መጀመሪያ መብላት ከዚያ መታጠብ ከዚያ መውጣት እያልን አብረን እንሠራ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት አብራው እንድትሆን እድሩን ጠይቄ ተስማምተው ነበር። እኔ ስቀር እሱም ተቋረጠ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት ተነስተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ መናገር የቻልነው በእሳቸው ዓይነት ሰዎች ነው። ግን ማዕከል ሁሉንም ልጅ መቀበል አይችልም፣ ለታክሲ የሌላት እናት ደግሞ በየቀኑ ማዕከል አታመላልስም።

አራተኛ፣ «የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታየዋለች» አትበሉን። እነዚህ እህቶች ክትባት፣ ነፍሰ ጡር፣ ቲቢ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዘመቻ ሲመጣ ዘመቻ፣ ሪፖርት ሲባል ሪፖርት ነው ሥራቸው። በአንድ ቀን ብዙ ቤት መግባት አለባቸው። ቆርኪ ለማንከባለል ሰዓት ከየት ያምጡ? ከመካከላቸው አንዷ ራሷ ነግራኛለች፦ «እኔ ገብቼ ሳልቀመጥ ነው የምወጣው።» ሥልጠናም ሰዓትም ሳይጨመር በቃል የተሰጠ ኃላፊነት ያልተሰጠ ያህል ነው።

አምስተኛ፣ ምስጢር። ይህን በመጠኑ ራሳችንንም ጨምሬ ነው የምወቅሰው። ፕሮጀክቱ እያለ አርማ ያለበት ቬስት እያስለበሱን፣ አርማ ያለባት መኪና በር ላይ እየቆመች፣ ጎረቤቱ ሁሉ የቤቱን ጉዳይ ያውቅ ነበር። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መድኃኒቷን መዋጥ ያቆመችው በዚህ ነው። «እናንተ ስትመጡ ነው ሰፈሩ ያወቀው» አለችኝ ፊት ለፊት። ልክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቬስቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ዘመድ ዳቦ ይዤ ነበር የምገባው። ስትመለስ ወራት ወሰደ። እናም ያ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ የዚችው ልጅ ሰማያዊ ፋይል አሁን በማይዘጋ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ሕዝብ በሚተላለፍበት ኮሪደር። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል ብትሉ እንኳ መሳቢያውን መቆለፍ ጊዜ አይፈልግም።

ከኮሪደር ልማቱ ጋር ተያይዞ ወደ ዳር ስለሄዱት ቤተሰቦችም አንድ ነገር ልበል። ከኔ ልጆች አራቱ እንዲህ ሄደዋል። ስለ ቤት ካሳና ስለ ቦታ ብዙ ተባለ። ልጁ የሚያውቀው ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ የሚጠይቀው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደተቆረጠ ግን ማንም አልመዘገበም። አዲሱ ወረዳ ስለ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም።

«እንዲህ ያለ ሥራ በኛ አቅም አይሆንም» እንዳትሉኝ ደግሞ የማውቀውን ልናገር።

በኤች አይ ቪ ዘመን፣ ነፃው መድኃኒት በ1997 ከመምጣቱ በፊት፣ ሰው እቤቱ ተኝቶ ሲያልቅ የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚያደርጉት የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ያጥቡ ነበር፣ ያበሉ ነበር፣ ልጆቹን ያጽናኑ ነበር። ለቀብር ብቻ የቆሙ የሚመስሉት እድሮች ያን ጊዜ በሕይወት ላለ በሽተኛ ገንዘብ መደቡ። እኔ ሥራውን የለመድኩት ከእነዚያ ሴቶች አንዷን ተከትዬ ነው። አሁን አርጅተዋል፣ ግን ሰፈር ውስጥ አሉ፤ ብትጠሯቸው ይመጣሉ።

ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እቤታቸው እየሄዱ የሚደግፉ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አልነበሩም፤ የሳምንታት ሥልጠና ወስደው በባለሙያ ክትትል ነው የሠሩት። በጥናት ታይቶ፣ ከሐኪም ክትትሉ ጋር ይህ የቤት ድጋፍ የተጨመረላቸው ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ቻሉ። እነዚያ አዋቂዎች ናቸው፣ የኔዎቹ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን የሠለጠነ ጎረቤት እቤት ገብቶ ሥራ መሥራት እንደሚችል እዚሁ አገራችን ታይቷል። ዚምባብዌ ውስጥም የአእምሮ ሐኪሙ ዶ/ር ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጡ የተጨነቀ ሰው እንዲያነጋግሩ ካደረጉ ቆይቷል። አያት ሞልቶናል እኮ።

በር ማንኳኳቱንም ታውቁበታላችሁ። የፖሊዮ ዘመቻ ሲሆን አንድም ቤት ሳይቀር ይገባል፣ በሩ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። በከተማችን ለቀዳማይ ልጅነት ተብሎ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላዎችን እቤታቸው የሚጎበኙ ሠራተኞች ተመድበዋል። ልጁ ከፍ ሲል ግን በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶው የሚጀምረው ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ግማሹም አሥራ ስምንት ሳይሞላው ነው ይላል። እኛ ጉብኝቱን ያቆምነው ልክ በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ካቢኔቱ ከኮሪደር ይነሳና በሚቆለፍ ክፍል ይቀመጥ። ዛሬ ቢሆን ጥሩ ነው።

ከዚያ የልጆቹ ርክክብ ይደረግ። እንደ ንብረቱ ሁሉ ተረካቢ ይሰየም፣ ይፈረም። የቤተሰቡን ፈቃድ እየጠየቅን፣ እኛ የቀድሞ ጎብኚዎች አዲሱን ሰው ይዘን እቤቱ ድረስ ገብተን እናስተዋውቅ። ለልጆቹ «ከእንግዲህ እሷ ናት የምትመጣው» ብለን በአፋችን እንንገራቸው። ለዚህ አበል አልጠይቅም። የሄዱትም ልጆች ወደ ሄዱበት ወረዳ በምስጢር መረጃቸው ይላክ።

ሦስተኛው በጀት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ሰዎችና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ልጆች መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። አቅም ውስን መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ሽሮ ቆጥቤ የምኖር ሰው ነኝ። ግን ትንሽም ብትሆን ከራሳችን በጀት የወጣች፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ በስሟ የተጻፈች መስመር ትኑር። በወረዳ ሁለት ቋሚ ጎብኚ ቢቀጠር እንጀምራለን። የውጭ ሰው ሲሰጥ የሚከፈት፣ ሲከለክል የሚዘጋ ቤት ውስጥ ልጅ አይታከምም።

የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ነርስ በሳምንት ግማሽ ቀን ከቢሮ ይውጣ፣ ከጎብኚዋ ጋር ሆኖ ከአልጋ ያልተነሱትን እቤታቸው ይያቸው። መድኃኒታቸው በዚያው ይድረሳቸው። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ሲኖር «አቋርጧል» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ሄዶ የሚያይ ሰው ይኑር። ፎርሙ ላይም የበሽተኛው ብቻ ሳይሆን እቤቱ ያሉት ልጆች ሁሉ ይጻፉ፤ ያቺ በር ሥር የምትተኛው ልጅ ስሟ አንድ ወረቀት ላይ ይኑር።

ጎብኚው ቬስትና አርማ አይልበስ።

ስለ እኛም አንድ ቃል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሰማውን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ፣ ለማን እንደምናገር አላውቅም ነበር። በወር አንድ ጊዜ ባለሙያ ባለበት ተሰብስበን የምንነጋገርበት ሰዓት ይመደብ።

እስከ ጥር ድረስ ያሉት የጉብኝት ቀኖች፣ የእያንዳንዱ ልጅ ጉዳይ የት እንደደረሰ፣ በራሴ ደብተር ተጽፎ እቤቴ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለማንም አላሳየሁትም። ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ለሚፈርምልኝና በሚቀጥለው ሳምንት ከኔ ጋር የመጀመሪያውን በር ለሚያንኳኳ ሰው። አድራሻዬ መዝገብ ቤት ባሉት ሁለት ደብዳቤዎች ላይ አለ። ቀንና ሰዓት ብቻ ይነገረኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

ለዘጠኝ ዓመት የቤት ለቤት ጎብኚ የነበርኩ፣
የ31 ልጆች ፋይል ያልተረከቡልኝ የማኅበረሰብ ተንከባካቢ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን እድሮች ኅብረት
ለአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን